ወንድሜን «ጎበዝ ከሆንክ የትም ትደርሳለህ» ልበለው ወይስ ልተወው?

ቀለሜዋ (ደሴ፣ ሙጋድ)
ቅዳሜ ማታ 3፡20

ሰላም ጀመዓ። ይረዝማል፤ ከወዲሁ ይቅርታ። መብራት አሁን ነው የመጣው፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፣ እኔን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ነገሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። 12ኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ይፈተናል። መጽሐፍ ካልገለጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሌሊት እየተነሳ ያጠና የነበረ ልጅ አሁን ስልኩ ላይ ተደፍቶ ኳስ ያያል። ሐሙስ ዕለት ተቆጣሁት። እንደ ታላቅ እህት፣ ጮክ ብዬ። «ጎበዝ ከሆንክ የትም ትደርሳለህ። ሰነፍ ከሆንክ ግን ማንም አያዝንልህም» አልኩት።

መልሶ አልጮኸብኝም። ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ፣ «አምና ከ100 ተማሪ ያለፈው 8 ነው። እሺ፣ 8ቱ ውስጥ ገባሁ እንበል። ከዚያስ? አንቺ አልፈሽ የለ? ይኸው የምስማር ሒሳብ ትሠሪያለሽ» አለኝ።

ዝም አልኩ። መልሱ ሁሉ የሚመጣልኝ እሱ ከተኛ በኋላ ነው።

ስለ እኔ ትንሽ ልበል። እናታችን እንጀራ ትጋግራለች፤ ለሁለት ምግብ ቤትና ለሰፈር ሰው። አባታችን ጥበቃ ነበር፤ እኔ 8ኛ ክፍል ሆኜ አረፈ። እናቴ ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ «የተማረ ይግደለኝ» የምትለው ግን ከአንጀቷ ነው። እኔም ሰቃይ ነበርኩ። «ቀለሜዋ» የሚለውን የክፍል ልጆች ያወጡልኝ ለስድብ ነው፤ እኔ እንደ ማዕረግ ያዝኩት። ያጠናሁት ከምጣዱ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። የደሴን ክረምት የምታውቁ ይገባችኋል፤ ቤታችን ውስጥ ሙቀት ያለው እዚያች ጥግ ብቻ ነበር። ደብተሮቼ ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር። መምህሮቼ ሲያርሙ ሳያስነጥሳቸው አይቀርም።

አካውንቲንግ ገባሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። የጥቅምትና የኅዳር 2014ን ነገር አላነሳውም፤ ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። ተመልሰን ጨረስን። ሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተፈተንነው እኛ ነን። ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። እኔ 78 አመጣሁ። እናቴ ድፎ ጋገረች፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠራ።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ልቤ ይመታ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፈለገ። ስሙ ይቆይ። ከመቶ ሰው በላይ ተመዘገብን። ጽሑፉ ከ70፣ ቃለ መጠይቁ ከ30። በጽሑፉ 61 አመጣሁ፣ አንደኛ። ሁለተኛው 48። ቃለ መጠይቅ ገባሁ፤ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ስለ ሙያው ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሦስተኛው ሰውዬ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ «እዚህ ማንን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት። የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ።

ከ30 11 ሰጡኝ። 48 ላመጣው ልጅ 28። 72 ለ76። መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልኬ አነሳሁትና ወጣሁ። እስከ ዛሬ ለቤተሰብ አላሳየሁም። እናቴን «ብዙ ሰው ነበር» ነው ያልኳት።

አሁን ፒያሳ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ካሸር ነኝ። 5,000 ብር። አለቃዬ እኩያዬ ነው፤ ሱቁን የተረከበው ከአባቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስምሩልኝ። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይገኛል። ከወዛደሮቹ ጋር ሲሚንቶ ያወርዳል። ታዲያ ባለፈው ከደንበኛ ጋር ሲጫወት፣ «እኔ ከዜሮ ነው የተነሳሁት። የለፋ ያገኛል። የዛሬ ወጣት ሰነፍ ሆነ» ሲል ሰማሁት። ደንግጬ ቀና ስል ፊቱ ላይ ውሸት የለም። ያምንበታል።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ እኔም አምንበታለሁ።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ነበረች። 12ኛ ላይ ወደቀች፤ አሁን ጀበና ቡና ትሸጣለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በሆዴ «ትንሽ ብታጠና ኖሮ» እላለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ታናናሾቿን ታሳድግ እንደነበር አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የምለው። የ61ዱን ነገር ሳስብም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰውዬው አይደለም። «70 ከ70 ብታመጪስ ኖሮ?» ነው። እስቲ አስሉት። 70 ሲደመር 11፣ 81። አልፌ ነበር! አያችሁ፣ ሒሳቡ ራሱ ጥፋቱን ወደ እኔ ይመልሰዋል። (ያኔ ደግሞ 5 ይሰጡኝ ነበር። 75 ለ76። ይህም አይጠፋኝም።)

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ያየሁትን ልንገረው? ወይስ እናቴ እኔን እንዳሳደገችኝ «አንተ ብቻ አጥና» ብዬ ልለፈው? እናንተ ለታናናሾቻችሁ ምን ትላላችሁ?

---

ሐረጎ ላይ ጉም
ቅዳሜ ማታ 3፡52

እታለም፣ እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። የሐረጎን ኩርባ ስይዝ ስለ ራዲየስ የተማርኩት ትዝ ይለኛል፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ የተማርኩት የጠቀመኝ እዚያች ላይ ነው።

ልጁን ወደ እኔ ላኪው፤ ረዳት ይሁነኝ። ቀልዴን ነው አብሽሪ።

የምሬን ግን፣ እኔ መኪና ውስጥ ሰው ሥራ ሊፈተን ሲሄድ ሌላው ተሳፋሪ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሰው አለህ?» አንድም ቀን «አጥንተሃል?» ሲባል አልሰማሁም። የሚገርመው፣ ያው ሰውዬ ወርዶ ቤቱ ሲገባ ልጁን «አጥና» ብሎ ይቆነጥጠዋል። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ሲባል አልሰማሽም?

---

የስፌት ልጅ (ኮምቦልቻ)
ቅዳሜ ማታ 4፡30

አንቺ ቢያንስ ዲግሪ አለሽ። እኔ 10ኛ ክፍል ነኝ። ስለ ልፋት ግን ከእኔ በላይ የሚያወራ የለም፤ ቆጥሬዋለሁ፣ በቁጥር ነው የምነግርሽ።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ተመረቀ። እኔ በ2011 ከውጫሌ መጥቼ እዚያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ገባሁ። መነሻ ደመወዜ 900 ብር። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተን። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ለደሴ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ በዚያ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ነበር የምሰፋው። መስመሩ ላይ በሰዓት የሚጠበቅብሽ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እኔ ሁልጊዜ ከቁጥሩ በላይ ነኝ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ አልጠጣም ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ በራሴ ነው። የወሩ ምርጥ ተብዬ ሦስት ጊዜ ፎቶዬ ተለጥፏል። ሽልማቱ አንድ ጊዜ ጃንጥላ፣ አንድ ጊዜ ፎጣ፣ አንድ ጊዜ ጭብጨባ።

በጣም አምን ነበር። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ደመወዝ ይጨመር» ብለው ሲያጉረመርሙ እኔ እናደድባቸው ነበር። «እናንተ ኮታ ሳትሞሉ ምን ይጨመርላችሁ?» ብያቸዋለሁ። ከአንዷ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከተማው ተዘረፈ። ሲያልፍ ተመለስን። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ አስወጣች፤ በእነሱ አቆጣጠር ከጥር 2022 ጀምሮ። እኔ አጎአ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ሲቀር ነው። ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረ ነገር ነው ለካ። ትእዛዝ ቀነሰ፤ የእኛ መስመር ቆመ። ከእኔ ጋር ፈጣኗም ዘገምተኛዋም እኩል በአንድ ቀን ወጣን። ያቺ ያኮረፍኳት ልጅም። በር ላይ ተያየን።

በሰዓት 60 ኮሌታ የሚሰፋ እጅ ምን አጠፋ? ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲፈርም የእኔን ቁጥር አይቶታል?

አሁን አንድ የሲንጀር መኪና ገዝቼ ልብስ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። አልራበኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ለወንድምሽ ግን «ከለፋህ ታገኛለህ» አትበይው። «ልፋ» በይው፤ ሁለተኛውን ቃል ተይው።

---

ጠመኔ (ደሴ)
እሑድ ጠዋት 2፡10

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። ከተማችን ውስጥ 27 ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ብንዛዛ ታገሡኝ።

ወንድምሽ ቁጥሩን አልሳተም። የአምናው፣ የ2017ቱ፣ 8.4 በመቶ ነው። የ2016ቱ 5.4 ነበር፣ የ2015ቱ 3.2፣ የ2014ቱ 3.3። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን የጀመሩት ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ነው። ያኔ 900 ሺህ ገደማ ተፈትኖ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ አይሞላም።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ኩረጃ አንገሽግሾኝ ነበር። መልሱ በቴሌግራም ሲመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ያልገባ ልጅ ከጎበዙ በልጦ ሲያልፍ አይቻለሁ። «አሁን ሁሉም በገዛ ጭንቅላቱ ይመዘናል» ብዬ ቡና እየጠጣሁ ፎከርኩ። ውጤቱ ሲመጣ 1,161 ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላሳለፈም። በቀጣዩ ዓመት 1,328። አንድም! የተማሪዎቻቸውን ሁሉ ያሳለፉ ጥቂቶችም ነበሩ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰነፍ ብቻ ተሰብስቦ ነው? ሚዛኑን አስተካከልነው እንጂ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው እህል ገና ማሳው ላይ ተለያይቷል። አንዱ ቤተ ሙከራ ያየው በሥዕል ነው። አንዱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አስጠኚ አለው። ንጹሕ ፈተና ይህን በንጽሕና አሳየን። በኩረጃው ዘመን ቢያንስ ማሳበቢያ ነበረን።

ስለ እምነቱ የጻፍሽው ነው ይበልጥ ያብሰለሰለኝ። ጆናታን ማይስ የሚባል ሆላንዳዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። የ23 አገሮችን የሕዝብ አስተያየት ለዓመታት የተሰበሰበውን አገላብጦ ያገኘው ነገር ግራ ያጋባል። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋባቸው አገሮች ሰዎች «ስኬት የልፋት ውጤት ነው» ብለው ይበልጥ ያምናሉ። ልዩነቱ ሲሰፋ ጥርጣሬው ይሰፋል ብለሽ አትጠብቂም? የሱ ማብራሪያ፣ ሀብታሙና ድሃው ተለያይተው ስለሚኖሩ አንዱ የሌላውን ኑሮ አያየውም የሚል ነው። ኢትዮጵያ ከ23ቱ አንዷ አይደለችም። እኔ ግን ሳነበው ያየሁት ደሴን ነው።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስማር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ዴስክ ላይ ከእኔ ጋር የሚቀመጠው የነጋዴ ልጅ ነበር። እኔ ከኩታበር በስንቅ የምማር የገበሬ ልጅ። እሱ ዳቦ ቆሎዬን ይበላል፤ እኔ ቤቱ ሄጄ ከመብራቱ ሥር አጠናለሁ። እሱ ከእኔ በላይ የሚያመጣው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀው ነበር፤ መብራቱ እዚያ ነዋ! ዛሬ እኔ ክፍል ውስጥ የነጋዴ ልጅ ካየሁ ዘመን ሆነኝ። እነሱ በሰርቪስ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ወንድምሽ የሚወዳደረው ከሚመስለው ጋር ነው፤ የአለቃሽ ልጅም ነገ ከሚመስለው ጋር። ከሚመስልሽ ጋር ስትሮጪ ደግሞ በእርግጥ የለፋ ይቀድማል። ውሸት አይደለም። አንቺ ከክፍልሽ ልጆች የቀደምሽው በልፋትሽ ነው። ለዚህ ነው እምነቱ የማይለቅሽ፤ በዓይንሽ አይተሽዋል። ያላየሽው ሌላውን መም ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። ማንንም አይጠየፍም፣ ሁሉም አብሮ ይበላበታል ማለት ነው። እርግጥ መኳንንቱና ባላገሩ እኩል ቁራጭ ሥጋ ደርሷቸው አያውቅም። ግን አንዱ የሌላውን ገበታ ያይ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፈረንጆች ሜሪቶክራሲ የሚሉትን፣ «ቦታው ለጎበዙና ለለፋው ይሰጥ» እንደ ማለት ያለውን ቃል በ1958 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ማይክል ያንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ያሰበው ለፌዝና ለማስጠንቀቂያ ነበር፤ ዓለም እንደ ምርቃት ተቀበለው። ሽምግልናው ላይ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ የያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ቃሉን በሙገሳ ሲጠቀምበት ተናዶ ጋዜጣ ላይ ጽፏል። የፈራው ያሸነፈው «ይገባኛል» ብሎ እንዳይኮራ፣ የተሸነፈውም «አይገባኝም» ብሎ እንዳይሰበር ነው። ጀበና ቡና የምትሸጠውን ጓደኛሽን ስታነሺ እሱን አስታወስሽኝ።

---

ቀለሜዋ
እሑድ ጠዋት 3፡05

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ሌላውን መም» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ግን ክፍል ውስጥ ልጆቹን ምን ይሏቸዋል? ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዘው ሲገቡ?

የስፌት ልጅ፣ ያቺን ልጅ ፈልጊያት። ከኮምቦልቻ አልወጣች ይሆናል።

---

ጠመኔ
እሑድ ጠዋት 3፡11

«አጥኑ» ነው የምላቸው። ምን ልበል? 27 ዓመት።

---

ብረታ ብረት
እሑድ ቀን 8፡40

የአንቺ አለቃ አይደለሁም፤ በቅድሚያ። ሱቄም ፒያሳ አይደለም። ግን ያንኑ ሥራ ነው የምሠራው፤ «ከዜሮ ነው የተነሳሁት» ብዬም አውቃለሁ። ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ትንሽም ከፍቶኛል።

አባቴ ከወረኢሉ በእግሩ ነው ደሴ የገባው። ሰኞ ገበያ ላይ አሮጌ ምስማር እያቃና ይሸጥ ነበር። የእሱን ልፋት ማንም «ዕድል» ሊለው አይችልም፤ አልፈቅድም። እኔም ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ቆሜአለሁ። እኩዮቼ ሲጫወቱ እኔ ብረት እመዝናለሁ። በኅዳር 2014 ሱቁ ተዘረፈ። ተመልሰን ስንገባ የቀረን መደርደሪያውና የአባቴ ፎቶ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ሱቅ አልገባም። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ከባዶ ቤት። ዜሮ ካላልኩት ምን ልበለው?

ይህን ጽፌ ልልከው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ያኔ መጀመሪያ ያደረግሁት መርካቶ መደወል ነው። አባቴ ሃያ ዓመት ዕቃ ያመጣበት ሰውዬ አለ። «የእንትና ልጅ ነኝ፤ ተዘርፈናል» አልኩት። «አይዞህ» አለና አንድ መኪና ብረት በቃል ላከልኝ። ሳይፈራረም። በስድስት ወር ከፈልኩት። ከዚያ ብረትም ሲሚንቶም ዋጋው በየጊዜው ወጣ፤ ዕቃ የያዘ አተረፈ፤ እኔ ይዤ ነበር።

ከእኔ ጎን ያለው ጎረቤቴም ያው ተዘርፏል። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፣ ከእኔ የበለጠ ቢሆን እንጂ አያንስም። የሚደውልለት አልነበረውም። አሁን ሸዋ በር በኩል ተቀጥሮ ይሠራል።

ይህን ካልኩ በኋላም ቢሆን እኔ ሰነፍ ሠራተኛ አልቀጥርም። ለወንድምሽም የምለው ያው «ሥራ» ነው። ተቃራኒው ምንድን ነው? ተኛ?

---

ሪያድ ያለሁ
እሑድ ማታ 1፡15

ማዳም ወጥታ ነው ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። እኔ የተሁለደሬ ልጅ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ሁለተኛ ነበርኩ፤ አንደኛዋ እዚሁ ሪያድ ናት፣ ሌላ ቤት ነው የምትሠራው። ዓርብ ዓርብ እንደዋወላለን። «አንደኛና ሁለተኛ አሁንም አንድ ከተማ» እያልን እንስቃለን።

ከ9ኛ አቋርጬ ነው የወጣሁት። ታናሽ እህቴን አስተማርኳት። ደሴ ቤት ተከራይቼላት፣ አስጠኚ ቀጥሬላት። ዘንድሮ ነርስ ሆና ተመረቀች። ዱዓዬ ሰመረ፣ ወላሂ አልቅሻለሁ። የምርቃቷን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ ከሥሩ «በራሴ ጥረት» ብላ ጻፈች።

አልተቀየምኳትም። ማታ ማታ ያጠናችው እሷ ናት። ግን ያን ቀን የማዳምን ምንጣፍ ሳጥብ ሦስት ጊዜ ያንን ቃል አነበብኩት፤ ስልኬ ሳሙና ነክቶት እስኪበላሽ።

እህቴ፣ አንቺ የወንድምሽን ቲቶር ትከፍያለሽ አይደል? ስንት እንደሆነ ያውቃል? ከ5,000 ላይ ስንት እንደሚቀርሽ ያውቃል? እሱን ንገሪው። ሌላው ይቆይ። መጣች ቻው

---

ቀለሜዋ
ማክሰኞ ማታ 4፡05

የዘገየሁት ስለተኮራረፍን ነው። ከእናንተ ጋር አይደለም፣ ከሱ ጋር።

ሪያድ ያለሽው፣ ልክ ነሽ። ቲቶሩ 1,500 ነው። አያውቅም ነበር። እናቴ የምትከፍል ነበር የሚመስለው።

እሑድ ማታ ልናገር ብዬ ፈራሁ። ሰኞም ፈራሁ። ዛሬ እናቴ ለምሽት የሚሄደውን እንጀራ ልታደርስ ስትወጣ፣ ምጣዱ ገና ሳይበርድ፣ ጎኑ ተቀመጥን። ስልኬን ከፍቼ ያንን የውጤት ፎቶ ሰጠሁት። ምንም አላልኩም። ሁለት ዓመት ደብቄ ያቆየሁትን ወረቀት አሳየሁት። 61፣ 11። 48፣ 28። የመስታወቱ ነጸብራቅ ውስጥ እኔም እታያለሁ፤ ስልክ ይዤ፣ ሻሼ ተጣሞ።

ረጅም ሰዓት አየው። በጣቱ አሰፋው፣ አጠበበው። እኔ ስድብ እየጠበቅሁ ነው፤ «አላልኩሽም?» ይለኛል ብዬ። ወይ ያለቅሳል ብዬ። እሱም ስሜቱን አያሳይም፣ አባታችንን ነው።

በመጨረሻ ቀና አለና፣ «ከ70 61?» አለኝ።

«አዎ።»

«9ኙን ምኑን ነው የሳትሽው?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ አሰብኩት። አንዱ የእርጅና ቅናሽ ሒሳብ ነበር፤ አስታውሰዋለሁ። አንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስ። እስክሪብቶ አምጣ አልኩት። ከጀርባው ባዶ የሆነ የእንጀራ ደረሰኝ ነበር፣ እሱ ላይ እየሠራሁ አሳየሁት። በዘጠነኛው ላይ እናቴ ገባችና፣ «ምን እያደረጋችሁ ነው በጨለማ?» አለች። መብራት ለካ ከጠፋ ቆይቷል።